ፎርማት ከማስደረግህ በፊት!

ጥያቄ፦ እኔ በአርሲ ዞን የሁሩታ ከተማ ነዋሪ የሆንኩ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ታላቅ እህቴ ዓረብ አገር ሠርታ የላከችልን አንድ ላፕቶፕ አለን። ታናሽ እህቴ ደግሞ አሰላ፣ አርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስትሆን ዘንድሮ ተመራቂ ናት። ላፕቶፑ ስለሞላብን የመመረቂያ ጽሑፏንም፣ በሕይወት የሌለችው እናታችንን ፎቶዎችም አንድ ፍላሽ ላይ አድርገናቸው ነበር። እህቴ ፍላሹን ይዛ አንድ ኮፒ ቤት ገባችና ጽሑፏን ፕሪንት አስደርጋ መጣች። ቤት ስንሰካው ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ቁጭ! ስንጫናቸው አይከፈቱም። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ ላይ የምንሰካው ፍላሽ ሁሉ እንዲያ ይሆናል። አንድ የጥገና ባለሙያ “ፍላሹም ላፕቶፑም ፎርማት ይደረግ፣ ከዚያ አዲስ ዊንዶውስና ሙሉ አንቲ ቫይረስ ከነክራኩ እጭንልሃለሁ” ብሎኛል። ድሮም እኮ ክራክ የተደረገ አንቲ ቫይረስ ነበረው፤ ምን ጠቀመን? ጽሑፉ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በንዴት “የእናታችንን ፎቶ አጠፋሽው” ብያት እህቴም አኩርፋኛለች። ፎርማት ላስደርገው? ወይስ ገንዘብ አበድሬ የተሻለ አንቲ ቫይረስ ልግዛ?
ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከሁሩታ

መልስ፦ ወንድማችን፣ በመጀመሪያ እንኳን ፎርማት ሳታስደርግ ጻፍክልን! ሁለተኛ፣ ለአንቲ ቫይረስ ብለህ ከማንም አትበደር። የሚያስፈልግህ መሣሪያ አብዛኛው ላፕቶፕህ ውስጥ ተቀምጧል፤ የቀረውም በነጻ የሚገኝ ነው። ሦስተኛ፣ በነገርከን ምልክት ከሆነ የእናታችሁ ፎቶዎችና የእህትህ ጽሑፍ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዉ “ሾርትከት ቫይረስ” የሚለው ተንኮል ፋይል መብላት አይደለም ሥራው። እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይሸሽግና በቦታቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሾርትከቶች ይተካል። አንተ “የእናቴ ፎቶ” ብለህ ስትጫን የምትከፍተው ፎቶውን ሳይሆን ቫይረሱን ነው። በዚያች አንዲት ጭነት ወደ ላፕቶፑ ይገባል፤ ከላፕቶፑ ደግሞ በሚቀጥለው ፍላሽ ተሳፍሮ ጎረቤት ይሄዳል። በኮፒ ቤትና በኢንተርኔት ካፌ የሚዛመተው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ኮምፒዩተር በቀን የስንቱን ሰው ፍላሽ ያስተናግዳል?

እንግዲህ ተራ በተራ እንሂድ። ከአሁን ጀምሮ እነዚያን ሾርትከቶች ማንም እንዳይጫን። ፍላሹን ነቅለህ አስቀምጥ፤ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይም አትሰካ። ክራክ የተደረገውን አንቲ ቫይረስ ከላፕቶፑ አውጣው። “ያለ ጠባቂ ልቀር ነው?” እንዳትል። ከዊንዶውስ 8 ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ዲፌንደር የሚባለው የማይክሮሶፍት አንቲ ቫይረስ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ክፍያ የለውም። ሌላ አንቲ ቫይረስ ሲጫን ግን “ጠባቂ አለ” ብሎ ራሱን ያገላል። የአንተ ክራክ ከፋብሪካው አዲስ መረጃ ሳያገኝ አረንጓዴ መብራት እያበራ ተቀምጧል፤ እውነተኛው ዘበኛ ደግሞ በእሱ ተማምኖ ተኝቷል!

ክራኩን ካወጣህ በኋላ ኢንተርኔት አገናኝና “ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ” የሚለውን ክፈት። ዲፌንደር መብራቱን አረጋግጥ፤ አዲሱን የቫይረስ መረጃ እንዲያወርድ አድርግ። ቀጥሎ “ስካን ኦፕሽንስ” ውስጥ “ኦፍላይን ስካን” የሚል ታገኛለህ። ይህ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ያስነሳና ቫይረሱ ገና ሳይነቃ ይፈትሸዋል። 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ የከፈትከውን ሥራ አስቀድመህ ሴቭ አድርግ፣ ቻርጀሩንም ሰክተህ ይሁን፤ መብራት በመሐል ከሄደ ጣጣ ነው። ሲነሳ ደግሞ ሙሉውን ስካን አስደርገው።

ላፕቶፑ ንጹሕ ከሆነ በኋላ ፍላሹን ስካ። ምንም ሳትከፍት በዲፌንደር አስፈትሸው። ከዚያ ፋይሎቹ በሚታዩበት መስኮት “ቪው” ውስጥ ገብተህ “ሂድን አይተምስ” የሚለው ላይ ምልክት አድርግ። ካልታየህ “ኦፕሽንስ” ውስጥ “ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ” የሚለውን ምልክት አንሳ። የተደበቁት ፎልደሮች ደብዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ። አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም ሰብስቦ ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ስለሚከታቸው እሱንም ፈልግ። ያገኘኸውን ፎቶና ጽሑፍ ብቻ መርጠህ ኮፒ አድርግ፤ ሾርትከትና ምንነቱን የማታውቀውን ፕሮግራም አትንካ። ሁሉም መከፈቱን አንድ በአንድ ካየህ በኋላ፣ አዎ፣ ያን ጊዜ ፍላሹን ፎርማት አድርገው። ፎርማት የመጨረሻው ሥራ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቫይረሱ አልወጣም ካለ፣ ፋይሎችህን ካወጣህ በኋላ ላፕቶፑም ፎርማት ይደረግ። ባለሙያውን ግን “ክራክ አትጫንብኝ” በለው።

ለሌሎች አንባቢዎቻችንም ሁለት ነገር እንጨምር። ፋይሎቻችሁ ሳይደበቁ ስማቸው ላይ እንግዳ ቅጥያ ተጨምሮ፣ በየፎልደሩም ገንዘብ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ያ ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ ነው፤ የተደበቀን በማሳየት አይፈታም። ቢሆንም ፋይሎቹን አትጣሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአውሮፓ ፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል፣ የኔዘርላንድስ ፖሊስና የደህንነት ኩባንያዎች ያቋቋሙት “ኖ ሞር ራንሰም” የሚባል ፕሮጀክት ለአንዳንዶቹ ዓይነቶች መፍቻ በነጻ ይሰጣል። ዛሬ ያልተፈታ ነገ ሊፈታ ይችላል። ሁለተኛው፣ በስህተት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከሆነ ምንም አዲስ ነገር አትጻፉበት። “ፎቶሬክ” እና “ሬኩቫ” የሚባሉ ፕሮግራሞች ያልተጻፈበትን ብዙ ጊዜ ያወጣሉ፤ ያወጡትን ግን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ኤስ ኤስ ዲ ከሆነ ዲስኩ የጠፋውን ራሱ ስለሚያጸዳ ተስፋው ጠባብ ነው።

አሁን ወደ ክራኩ እንምጣ፤ የአገራችን ዋናው በሽታ እሱ ነው። ክራክ ለመጫን የመጀመሪያው ትእዛዝ ምንድን ነው? “አንቲ ቫይረስህን አጥፋ” አይደል? ለመሆኑ፣ በር አንኳክቶ “ውሻህን እሰርና ልግባ” የሚል የማታውቀውን ሰው ታስገባለህ? ፋይል ቆልፈው ቤዛ ከሚጠይቁት አንዱ፣ “ስቶፕ” የሚባለው የቫይረስ ቤተሰብ፣ ዋና መተላለፊያው እንዲህ ያለ የክራክ ፕሮግራም ነው። ሌሎቹ ደግሞ ብራውዘር ላይ ያስቀመጥከውን የይለፍ ቃል በሙሉ ጠራርገው ይወስዳሉ።

“ታዲያ ሶፍትዌር በዶላር ልግዛ?” ትል ይሆናል። አያስፈልግም። ለጽሑፍ ሊብረ ኦፊስ አለ፤ ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ የእህትህን ጽሑፍ ይከፍታል። ቪዲዮ ለማየት ቪኤልሲ፣ የታሸገ ፋይል ለመፍታት ሰቨን ዚፕ፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ለአማርኛ ብለህ ክራክ የተደረገ ፓወር ግዕዝ መፈለግም ቀርቷል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ የአማርኛ ኪቦርድ አብሮ ይመጣል። አጻጻፉ ካልተመቸህ ኪይማን የሚባለውን በነጻ ጫን። ሁሉንም የምታወርደው ግን ከባለቤቶቹ ድረ ገጽ እንጂ በቴሌግራም ቻናል ከሚዞረው አይደለም።

“አዘምን” የሚል መስኮት ብቅ ሲልም ተጠንቀቅ። የእኛኑ አገር ሰዎች ታሪክ እንንገርህ። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ጥናት፣ በውጭ አገር የነበሩ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ሰዎችና ሌሎች ኢትዮጵያውያን በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸው ነበር። ሲከፍቱት ቪዲዮ ያለበት የሚመስል ገጽ ይመጣል፤ “ለማየት አዶቤ ፍላሽን አዘምኑ” ይላል። “ማዘመኛው” ግን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይኼ ነው! አዶቤ ፍላሽ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ስለተቋረጠ ዛሬ “ፍላሽ አዘምን” የሚልህ ሁሉ ውሸታም ነው። ማዘመን ያለብህ በራሱ በዊንዶውሱ “አፕዴት” በኩል ብቻ ነው።

ያንን እውነተኛውን አፕዴት ግን አትናቀው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 “ዋናክራይ” የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ሲቆልፍ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ ማይክሮሶፍት ካወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። የተጎዱት በአብዛኛው ያልጫኑት ናቸው። ዳታ ይበላብኛል ብለህ “ሜተርድ ኮኔክሽን” አድርገኸው ከሆነ ይገባናል፤ ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ ጥቅል ስትገዛ፣ ከፍተህ አስጭነው። ላፕቶፕህ ላይ ያለው ዊንዶውስ ስንት እንደሆነም እይ። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. በጥር 2020፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፋቸው አብቅቷል። ወደ 11 የሚያሳድግ አቅም ያለው ላፕቶፕ ከሆነ አሳድገው። አቅም ከሌለው ሊነክስ ሚንት የሚባለው ነጻ ሥርዓት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጥሩ ይሠራል።

እህትህ ከእንግዲህ ፕሪንት ስታስደርግ ጽሑፏን ፒዲኤፍ አድርጋ ከስልኳ ለኮፒ ቤቱ ቴሌግራም ትላክ። በሰው ኮምፒዩተር የራሷን ቴሌግራም ግን አትክፈት። የግድ ፍላሽ ከሆነ፣ ያ ፒዲኤፍ ብቻ ያለበት ሌላ ፍላሽ ትያዝ፤ ስትመለስም ሳይፈተሽ አይከፈት። ሁለታችሁም ቴሌግራማችሁ ላይ “ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን” አብሩ። የይለፍ ቃል ለማስቀመጥ ኪፓስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ አንዱን ዋና ቃል ብቻ ታስታውሳላችሁ።

የመጨረሻውና ትልቁ ነገር ይኸውና። ወንድማችን፣ ቫይረሱ ባይመጣም ፍላሹ ሊሰበር፣ ታክሲ ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር። ችግሩ የእናታችሁ ፎቶ አንድ ቦታ ብቻ መኖሩ ነው። አንቲ ቫይረስ የጠፋን ነገር አይመልስም፤ የሚመልሰው ሌላ ቅጂ ብቻ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ነቅለህ ቁም ሣጥን ውስጥ በምታስቀምጠው ዲስክ፣ አንዱ ደግሞ ጉግል ድራይቭ ላይ፤ እዚያ 15 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣል። ኢንተርኔቱ ካስቸገረ ዓረብ አገር ላለችው እህታችሁ በቴሌግራም “እንደ ፋይል” አድርጋችሁ ላኩላት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል። እሷም እናቷን ታያለች፣ ቅጂውም ይቀመጣል። ሳይቃጠል በቅጠል!

ታናሽ እህትህን በተመለከተ ግን ጥፋቱን በእሷ ላይ ብቻ መከመርህ ትክክል አይመስለንም። ጽሑፏን ለማሳተም ነው የሄደችው፤ የሞተው ዘበኛ ደግሞ የሁላችሁም ላፕቶፕ ላይ ነበር። እናት ለእሷም እናቷ ናት። ስለዚህ ፍላሹን ብቻህን አትክፈተው። ጥራትና አብራችሁ ተቀመጡ፤ የተደበቀው ፎልደር ብቅ ሲል እሷም ትይ። ከዚያ በፊት ግን “አጥፍቻለሁ፣ በንዴት ነው” ማለት ያንተ ፋንታ ነው። ሦስት ሳምንት የቀራት ተማሪ ከላፕቶፑ ይልቅ የወንድሟ ኩርፊያ ነው እንቅልፍ የሚነሳት።

በርቱ፣ መልካም ምረቃ!