ሲወስዱ በዝምታ፣ ሲመልሱ በአቤቱታ

የብሪታንያ ባንኮች አላግባብ ለሸጡት የብድር ክፍያ መድን (ፒፒአይ) ካሳ ሲከፍሉ፣ በአብዛኛው በዓመት 8 በመቶ ወለድ ያክሉበት ነበር፤ ከወለዱም 20 በመቶ ግብር አስቀድመው ቀንሰው ለመንግሥት አስገብተዋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ወዲህ በመደበኛው ተመን ግብር የሚከፍል ሰው በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ የሚያገኘው ወለድ ግብር አይጣልበትም።

ታዲያ በትርፍ የተወሰደው ለምን በራሱ አልተመለሰም? እስቲ መልሱልኝ! «አር40» የተሰኘውን ቅጽ ሞልቶ ማመልከት የተበዳዩ ዕዳ ሆነ፤ የግብር ዘመኑ ካበቃ 4 ዓመት ያለፈው ደግሞ መብቱን ያጣል። አበው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ደጃዝማችነትስ ሹመት ነው፤ የገዛ ገንዘባችን ስለ ምን ደጅ ያስጠናናል? ዜጋው ባለማወቁ የሚያተርፍ ግምጃ ቤት ፍትሕን አያውቃትም። በራሱ የወሰደ፣ በራሱ ይመልስ!