ፊት የሌለው ጀግና

ፎቶውን ታውቁታላችሁ። ተራራ አናት ላይ ስድስት ወታደሮች ተጋግዘው ባንዲራ ያቆማሉ። ጆ ሮዘንታል በ1945 ፌብሩዋሪ 23 ቀን፣ ኢዎ ጂማ በምትባል የጃፓን ደሴት ላይ ያነሳው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እስቲ ዓይናችሁን ጨፍኑና ከስድስቱ የአንዱን ፊት አስታውሱ። አልመጣላችሁም አይደል? ጀርባ አለ፣ ክንድ አለ፣ የብረት ቆብ አለ፤ ፊት ግን የለም ማለት ይቻላል። የኔ ክርክር ይኸው ነው፦ ይህ ፎቶ የጀግንነት ምልክት የሆነው ጀግኖቹ ስለማይታዩበት ነው። ፊት የሌለውን ሰው ማንም እንደፈለገ ይሞላዋል።

መጀመሪያ አንድ ሐሜት እናጥራ። “ፎቶው ቲያትር ነው፣ ቁሙ ተብለው ነው” የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። ከሮዘንታል ጎን የቆመ ቢል ጄናውስት የሚባል ወታደር ያንኑ ቅጽበት በፊልም ቀርጾታል፤ ማንም ለካሜራ አልቆመም። ጄናውስት ብዙም ሳይቆይ እዚያው ደሴት ላይ ሞተ። ስሙን ሰምታችሁት ታውቃላችሁ?

ፎቶው አልዋሸም። የዋሹት በፎቶው የተጠቀሙበት ናቸው።

ያ ባንዲራ የዕለቱ ሁለተኛው ባንዲራ ነበር። ጠዋት ሌሎች ወታደሮች ወጥተው አነስ ያለ ሰቅለዋል፤ በኋላ ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ይሁን ተብሎ ተተካ። በዚያች ደቂቃ የተሠራው ሥራ ባንዲራ የታሰረበትን የውሃ ቧንቧ ማቆም ነው። ጀብዱው ካሜራ በሌለበት ነበር። ውጊያው ገና 5ኛ ቀኑ ላይ ነው፤ እስከ ማርች 26 ቀጥሏል። ከስድስቱ ሦስቱ ከደሴቲቱ በሕይወት አልወጡም።

መንግሥት ግን ፎቶውን ሲያይ የታየው ገንዘብ ነው። ቦንድ ምን እንደሆነ ለኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። “በሕይወት የተረፉት” የተባሉ ሦስት ወታደሮች፣ አይራ ሄይስ፣ ሬኔ ጋኞንና ጆን ብራድሊ፣ ከጦር ሜዳ ተጠርተው ከከተማ ከተማ እየዞሩ የጦርነት ቦንድ እንዲያሻሽጡ ተደረገ። ዘመቻው ከ26 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ።

አሁን ጉዱን ስሙ። የአሜሪካ ማሪን ጦር ራሱ በ2016 ብራድሊ ፎቶው ላይ እንዳልነበረ፣ በ2019 ደግሞ ጋኞንም እንዳልነበረ አመነ። እውነተኞቹ ሃሮልድ ሹልትዝና ሃሮልድ ኬለር ነበሩ፤ ሁለቱም ስማቸው ሳይነሳ ሞተዋል። ከሦስቱ ተዟዟሪ ጀግኖች ፎቶው ላይ የነበረው አንዱ ሄይስ ብቻ ነው።

ብራድሊ ፈሪ ነበር ማለቴ አይደለም። ባንዲራው ከመሰቀሉ ሁለት ቀን በፊት በጥይት መሐል ቁስለኛ ለማዳን ሮጦ ኔቪ ክሮስ የተባለውን ትልቅ ሜዳይ አግኝቷል። ለዚያ ጀብዱ ግን ዝነኛ ፎቶ የለውም። ስለዚህ ሰውየው የታወቀው በሠራው ሳይሆን ባልነበረበት ፎቶ ነው። ልጁ መጽሐፍ ጻፈ፤ ክሊንት ኢስትውድ በ2006 ፊልም ሠራበት፤ ዓለምም አለቀሰ።

ሄይስስ? የአሪዞና የፒማ ሕንዳዊ ነው። ፎቶው ላይ ሃንሰን የተባለው ሟች በእውነት ሃርሎን ብሎክ መሆኑን ያውቃል። ለአለቆቹ ሲናገር ጉዳዩ በይፋ አልቋል፣ ዝም በል ተባለ። በ1946 መንገደኛ መኪና እየለመነ ቴክሳስ ድረስ ሄዶ ለብሎክ ቤተሰብ እውነቱን ነገረ። የብሎክ እናት ግን ቀድማ አውቃ ነበር፤ ጋዜጣው ላይ ልጇን ከጀርባው ለይታዋለች፣ ያመናት አልነበረም። ስሙ የታረመው በ1947 ነው። ሄይስ በመጠጥ ተጎዳ። በኖቬምበር 1954 አርሊንግተን ላይ የእሱም ምስል ያለበት ግዙፍ የነሐስ ሐውልት ተመረቀ። በጃንዋሪ 1955 ሄይስ ሜዳ ላይ ሞቶ ተገኘ። 32 ዓመቱ ነበር።

“ምልክት ምልክት ነው፣ ስም ምን ያደርግለታል? ሕዝብ አንድ ካደረገ ይበቃል” የሚል አይጠፋም። ይህን ለብሎክ እናት ይንገራት! ስም የማያስፈልገው ጀግና የሚመቸው ለሻጩ ብቻ ነው። ደመወዝ አይጠይቅም፣ ቅዠት የለበትም፣ ጡረታ አይፈልግም፣ “እሱ እኮ ሌላ ሰው ነው” ብሎ አያስቸግርም። ሄይስ አስቸገረ፤ ዝም አሰኙት። ነሐሱ አላስቸገረም፤ አበባ አስቀመጡለት።

ነገ ከነገ ወዲያ ስልካችሁ ላይ አንድ የጦርነት ፎቶ ይመጣል፤ ከሥሩ “ጀግና!” ተብሎ። ከማጋራታችሁ በፊት የሰውየውን ስም ጠይቁ። ከዚያ ደግሞ የት እንዳለ፣ ምን በልቶ እንዳደረ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ያያችሁት ጀግና ሳይሆን ማስታወቂያ ነው።