የታጠፈ ኖት ምን አጠፋ?

የድሮ ኖት ሰብሳቢዎች ልትቆጡኝ ትችላላችሁ። ከጦርነቱ በኋላ የወጣ የኮሪያ ገንዘብ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ታጥፏል?» ብላችሁ ነው። ከታጠፈ ዋጋው ወደቀ፣ ጉዳዩ አለቀ። ምስሉን ማን ያንብበው?

እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣውን 500 ህዋን ተመልከቱ። የፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ ፊት መሃል ላይ ነው። ሰው ደግሞ ገንዘብ የሚያጥፈው ከመሃሉ ነው! የመሪው ፊት ለሁለት እየተከፈለ ስላስቸገረ ምስሉ ወደ ቀኝ ተገፋ ይባላል። ምክንያቱ ተረት እንኳ ቢሆን፣ በቀጣዩ ኖት ላይ ፊታቸው ቀኝ መሆኑን ዓይን ያለው ያያል። በ1960 ተማሪዎች የቀሰቀሱት አመፅ ሪን ከሥልጣን አወረደ። በዚያው ዓመት በወጣው 1000 ህዋን ላይ የኮሪያን ፊደል ያስገኙት ንጉሥ ሴጆንግ ቦታቸውን ያዙ።

የ1953ቱማ ይባስ! አሜሪካ ታትሞ የመጣ ነው፤ ገንዘቡ ህዋን ተብሎ ሳለ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ዎን» ነው። ይህን ሳያዩ «ንጹሕ ነው፣ አልታጠፈም» ብሎ መክፈል ወረቀት መግዛት እንጂ ታሪክ መሰብሰብ አይደለም።

አያትህ ከቃኘው ጋር ዘምተው ከሆነና በሳጥናቸው የተጨማደደ የኮሪያ ኖት ካገኘህ፣ ነጋዴ ከመጥራትህ በፊት የታጠፈበትን ቦታ ራስህ እየው።