የዩኒቨርሲቲ ስም በድንገት የሚገነው ስለ ምንድን ነው?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም «ልጁን የት ብንልከው ይሻላል?» የሚል ነው። መልሱ ግን በየዓመቱ ይለዋወጣል። ዓምና ማንም ያልጠራው ተቋም ዘንድሮ በሰርግ ቤትም በለቅሶ ቤትም ይመሰገናል። ዓምና የተመሰገነውም ዘንድሮ «እዚያማ ልጄን አልሰድም» ይባልበታል። በአንድ ዓመት ውስጥ መምህራኑ አልተለወጡም፤ ቤተ መጻሕፍቱም የነበረው ነው። የተለወጠው ወሬው ነው።

ይህ ወሬ ከየት ይመጣል? ምን ያህልስ ሊታመን ይገባዋል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንን ነው። ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። በዚህ ወሬ ተመርተው በሬ የሚሸጡ አባቶች፥ የዕቁብ ዕጣቸውን ለመመዝገቢያ የሚያውሉ እናቶች፥ አራትና አምስት ዓመት ዕድሜያቸውን የሚሰጡ ወጣቶች አሉና።

ነገሩን አስቀድመን በሩቅ አገር ብንመለከተው ይገለጥልናል። በአሜሪካ ተማሪው ለወደዳቸው ኮሌጆች ራሱ ያመለክታል፤ ኮሌጆቹም የአመልካቾቻቸውን ቁጥር ይመዘግባሉ። ስለዚህ የኮሌጅ ስም ሲነሣና ሲወድቅ በቁጥር ይታያል።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1984 የቦስተን ኮሌጅ ቡድን ከማያሚ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጋር አሜሪካኖች እግር ኳስ የሚሉትን፥ ኳሱ በእጅ የሚወረወርበትን ጨዋታ ይጫወት ነበር። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ዳግ ፍሉቲ የተባለው ተጫዋች ኳሱን ከሩቅ ወረወረ፤ ጓደኛውም ቀለበው፤ ቡድኑም 47 ለ45 አሸነፈ። ጨዋታው በመላው አገር በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ኮሌጁ የሚመጣው ማመልከቻ ሠላሳ በመቶ ያህል ጨመረ። ከዚያ ወዲህ በስፖርት ድል የተነሣ የአመልካች ብዛት ሲጨምር በዚሁ ተጫዋች ስም ይጠራል። የኮሌጁ ሰዎች ግን በኋላ ሲያስረዱ ማመልከቻው ከዚያ በፊትም እየጨመረ እንደ ነበረ፥ የመኖሪያ ቤቶች መሻሻልና ለተማሪዎች የሚሰጠው ርዳታም ድርሻ እንደ ነበራቸው ተናግረዋል። ሕዝቡ ያስታወሰው ግን ኳሷን ነው። ሰው ሁልጊዜ የሚያስታውሰው ዓይኑ ያየውን ነውና፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ በጸጥታ የተሠራ ሥራ ለወሬ አይመችም።

ከኳስ ይልቅ የጠነከረው ግን የደረጃ ሠንጠረዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ የአሜሪካ መጽሔት፥ ዩ.ኤስ. ኒውስ ኤንድ ወርልድ ሪፖርት፥ የኮሌጅ ፕሬዚዳንቶችን አስተያየት ጠይቆ ዩኒቨርሲቲዎችን አንደኛ ሁለተኛ እያለ ማውጣት ጀመረ። በኋላም ልዩ ልዩ ቁጥሮችን እያባዛና እየደመረ ደረጃ ይሰጥ ጀመር። ወላጆችም መጽሔቱን እንደ ሚዛን ያዙት። ቦስተን ከተማ ያለው ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 በዚህ ሠንጠረዥ 162ኛ ነበር። በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት የሆኑት ሪቻርድ ፍሪላንድ የመጽሔቱን ስሌት በብርቱ አጠኑ። ስሌቱ ከሃያ ተማሪ በታች ላለው ክፍል ነጥብ ስለሚሰጥ ብዙ ክፍሎች በዐሥራ ዘጠኝ ተማሪ እንዲወሰኑ ተደረገ፤ አመልካች እንዲበዛም ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኒቨርሲቲው 98ኛ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ ወደ ላይ ወጣ። በእርግጥ የክፍል ማነስ ለተማሪው ይጠቅማል። ነገር ግን ዐሥራ ዘጠኝ የተባለው ትምህርቱ ይህን ቁጥር ስለ ጠየቀ ሳይሆን መጽሔቱ ሃያን ወሰን ስላደረገ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ሚዛኑ ራሱ ሊሳሳት እንደሚችልም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር የሆኑት ማይክል ታዴየስ የራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ለመጽሔቱ የላካቸው ቁጥሮች ትክክል እንዳልሆኑ ዘርዝረው አሳተሙ። ዩኒቨርሲቲውም ከተላኩት ቁጥሮች አንዳንዶቹ ስሕተት እንደ ነበሩ አመነ። በዚያው ዓመት ከሁለተኛ ወደ ዐሥራ ስምንተኛ ወረደ። በአንድ ክረምት ውስጥ ዐሥራ ስድስት ደረጃ ሲወርድ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንድም መምህር አልደነቆረም፤ አንድም መጽሐፍ ከመደርደሪያ አልወረደም። ዝቅ ያለው ወረቀቱ ነው። እንግዲህ በዚያ ወረቀት ከፍ ብሎ የነበረውስ ምን ነበር?

ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ የቁጥር ነገር አለ። አሥር ኮሌጆች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱም ለአንድ ሺህ ተማሪ ቦታ አለው። አሥር ሺህ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ለሁለት ኮሌጅ ቢያመለክቱ ሃያ ሺህ ማመልከቻ ይሆናል፤ ኮሌጁም ከሁለት አመልካች አንዱን ይቀበላል። እነዚያው ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ለስምንት ኮሌጅ ቢያመለክቱ ማመልከቻው ሰማንያ ሺህ ይደርሳል፤ ኮሌጁም ከስምንት አንዱን ብቻ የሚቀበል ይሆናል። ጋዜጣው «መግባት እንዴት ከባድ ሆነ!» ብሎ ይጽፋል፤ ወላጅም ይደነግጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ልጁ ለአሥሩም እንዲያመለክት ያደርጋል። ተማሪ አልተጨመረም፤ ቦታ አልጐደለም፤ አሥሩም ሺህ ገብተው ይማራሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ዐሥራ አምስት ኮሌጆች የጀመሩት የጋራ ማመልከቻ ዛሬ ከአንድ ሺህ በላይ ተቋማትን ይዟል፤ ለብዙ ኮሌጅ ማመልከትንም ቀላል አድርጎታል። እንግዲህ «ብዙ ሰው የሚመልስ ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ነው» የሚለው አሳብ ስለ በሩ ይነግረናል እንጂ ስለ ቤቱ አይነግረንም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። «ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? እኛን የሚመድበን ሚኒስቴሩ ነው» የሚል ጓደኛ ይኖራል። እውነት ነው፤ ለረዥም ጊዜ ተማሪው የምርጫውን ተራ ይሞላ ነበር እንጂ የሚሄድበትን የሚወስነው ምደባው ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩ እየተለወጠ ነው። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በጠነከረ ጥበቃ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ባለበት አገር የሚያልፈው ጥቂት ሲሆን፥ ተማሪ ዩኒቨርሲቲን እንደሚፈልግ ሁሉ ዩኒቨርሲቲም ተማሪን መፈለጉ አይቀርም። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ እንዲሆን ተወሰነ፤ የራሱንም የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀመረ። የግል ኮሌጆች ደግሞ ድሮም በምርጫ የሚገባባቸው ናቸው። ስለዚህ ስም ከእንግዲህ በእኛም ዘንድ ገንዘብ ነው።

በእኛ አገር ስም የሚገንበት ምክንያት ግን ሁሉ ከንቱ አይደለም። አንዱ ሰላም ነው። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በመንገድ ታገቱ፤ በዚያው ዓመት በልዩ ልዩ ግቢዎች ሁከት ተነሥቶ የተማሪ ሕይወት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ «ቅርብ ይሁንልኝ፤ መንገዱ ሰላም ይሁን» የምትል እናት ምርጫዋ ወሬ የወለደው ነው ብሎ የሚነቅፋት አይኖርም። እኛም አንነቅፋትም። የምንለው ይህ ብቻ ነው፤ ሰላም ያለበት ቦታ መሆን አንድ ነገር ነው፤ ጥሩ ትምህርት ያለበት መሆን ሌላ ነገር ነው። ወላጅ ሁለቱን ለያይቶ ይጠይቅ። መንግሥትም ቢሆን በሩቅ አገር ያለ ጥሩ የትምህርት ክፍል በመንገድ ምክንያት ሰው ሲያጣ «ተማሪ አልመረጠውም» ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት የመውጫ ፈተና ነው። ይህ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማለፊያ በመቶኛ የማስታወቂያ ቃል ሆኗል። በመጀመሪያው ዙር ከግል ተቋማት ከተፈተኑት መካከል ያለፉት ከአምስቱ አንድ የማይሞሉ ነበሩ። ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን ከፍሎ፥ ልጁን አስመርቆ፥ ማስረጃ ሳያገኝ ቀረ። ስለዚህ ፈተናው መልካም ማስጠንቀቂያ ነው። ነገር ግን «መቶ በመቶ አሳለፍን» የሚለውን ሰሌዳ ያየ ወላጅ «ከስንቱ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። አምስት ተማሪ አስፈትኖ አምስቱን ያሳለፈ ክፍል መቶ በመቶ አሳልፏል። አምስት መቶ አስፈትኖ ሦስት መቶ ያሳለፈው ስድሳ በመቶ ይባላል። ደካማ የመሰላቸውን ተማሪዎች ገና በሁለተኛ ዓመት የሚያሰናብትም በመጨረሻ ያማረ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባል የለምን?

እንዲህ ስንል «ስም ዋጋ የለውም» ማለታችን አይደለም። በተቀጣሪነት ጊዜ የትምህርት ቤት ስም በር እንደሚከፍት እናውቃለን። ስም ያለው ቤት ጎበዝ ተማሪ ይስባል፤ ጎበዝ ተማሪም ጓደኛውንና መምህሩን ያተጋል። ልዩነቱ ስሙ የሚመጣበት መንገድ ላይ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመውን የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንውሰድ። በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ የተከፈተ ቤት ነበር። ጤና መኮንኖችን፥ የሕዝብ ጤና ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ በየአውራጃው ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ስሙን ያወጣለት ሠንጠረዥም ኳስም አልነበረም፤ ከዚያ የወጣ ሰው በደረሰበት ቦታ ሕመምተኛው ስለ ተሻለው ነው። ይህ ዓይነቱ ስም በአንድ ክረምት አይገንም፤ በአንድ ክረምትም አይወድቅም።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ወላጆች ስለ ዩኒቨርሲቲ የሚሰሙት ከማስታወቂያ ብቻ አይደለም። ይልቁንም የሚያምኑት ለዕረፍት ወደ ቤቱ የተመለሰውን የጎረቤት ልጅ ነው። ያ የጎረቤት ልጅ እያንዳንዳችን ነን። ታናናሾቻችን «እንዴት ነው ግቢው?» ሲሉን ስለ ሕንፃው ቁመት፥ ስለ ከተማው ሙቀትና ስለ ካፌው ምግብ ነግረናቸው ከተነሣን የሚመርጡት በሕንፃና በምግብ ይሆናል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ ለማኅበራችን አቅርበናል። ተማሪው ወደ አገሩ ከመበተኑ በፊት የእያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ተማሪዎች ተሰብስበው አንድ ገጽ ወረቀት ያዘጋጁ። በዚያም ላይ እነዚህ ጥያቄዎች በእውነት ይመለሱ፤

አንደኛ፥ ከአንደኛ ዓመት ከገቡት መካከል ስንቱ ተመረቁ? የቀሩትስ ስለ ምን ቀሩ?

ሁለተኛ፥ በዓመቱ ከተመደቡት ክፍለ ጊዜያት ስንቱ በመምህር ተያዙ? ስንቱ ባዶ አለፉ?

ሦስተኛ፥ ላቦራቶሪው ውስጥ ተማሪው መሣሪያውን በእጁ ይዞ ይሠራል ወይስ ከሩቅ ያያል?

አራተኛ፥ ቤተ መጻሕፍቱ ማታ እስከ ስንት ሰዓት ይከፈታል? የሚፈለገውስ መጽሐፍ ይገኛል?

አምስተኛ፥ የተመረቁት ዛሬ የት ናቸው?

መምህራኖቻችንም በዚህ ሥራ እንዲረዱን በትሕትና እንለምናለን። ይህ መምህርን ለመክሰስ የታሰበ አይደለም፤ በትጋት የሚያስተምር መምህር ሥራው የሚታይበት ወረቀት እስከ ዛሬ አልነበረውም። አንዳንዱ መልስ የሚያሳፍር ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ሆኖም ያላማረ መልስ ያለበትን እውነተኛ ወረቀት ይዞ የመጣ ተማሪ፥ ለታናሹ ከማንኛውም ሠንጠረዥ የበለጠ ውለታ ይውልለታል። የትምህርት ክፍሉም ጉድለቱን በወረቀት ካየ በኋላ አላየሁም ሊል አይችልም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶቻችን። እነሱ የተናገሩለት ስም ግን በሥራ የተገኘውን ነው። አሳባችንን ለውይይት አቅርበናል፤ የሚደግፍም የሚቃወምም በሚቀጥለው ዕትም ብዕሩን ያንሣ።