ግራ እጄ ብዙ ይይዛል

በዚህ ዓምድ ስለ ትዳር ወይም ስለ ልጆች አስተዳደግ እጽፋለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ ለዛሬ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሦስት ወር ሙሉ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ አንድ የሚሲዮናውያን ቤተሰብ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወልን አሮጌ ፒያኖ ላይ ተቀምጬ አንዲት የጃዝ ዜማ ለመልመድ ስታገል ከርሜአለሁ። ባለቤቴ ምስክሬ ነው፤ ያችኑ ስምንት ባር መላልሼ ስመታ የስብከት ማስታወሻውን ይዞ ወደ ማድ ቤት የተሰደደባቸው ምሽቶች ጥቂት አይደሉም።

ዜማዋ «ካም ሰንዴይ» ትባላለች። ዱክ ኤሊንግተን የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ በሙዚቃ ለመተረክ ከጻፈው «ብላክ፣ ብራውን ኤንድ ቤዥ» ከተባለው ረጅም ሥራ የወጣች ናት፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1943 ኒውዮርክ በካርኔጊ አዳራሽ ቀረበች። ያን ጊዜ ግጥም አልነበራትም፤ ጆኒ ሆጅስ በአልቶ ሳክስፎን ነበር የተጫወታት። በ1958 ግን የጎስፕል ዘማሪዋ ማሃሊያ ጃክሰን ከኤሊንግተን ኦርኬስትራ ጋር በሸክላ አስቀረጸቻት። ኤሊንግተን ራሱ በ1973፣ ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት ማለት ነው፣ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ዜማዋ የምታሳየው ባሮቹ እሑድ ጠዋት ወደ ጌቶቻቸው ቤተ ክርስቲያን መግባት ተከልክለው፣ ደጅ ቆመው ከውስጥ የሚሰማውን ዝማሬ ሲያዳምጡና በዝግታ ሲያጅቡ ነው።

አንዲት የጉባኤያችን እናት በመስኮት ሰምተውኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህ የመዝሙር ነው የዘፈን?» ብለው ጠየቁኝ። ይህንኑ ታሪክ ነገርኳቸው። «እኛም በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋብን በየቤቱ በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው» አሉኝና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ችግሬ ግራ እጄ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ የተማርኩት የመዝሙር አመታት ባለ አራት ድምፅ ነው፤ ሶፕራኖው፣ አልቶው፣ ቴነሩና ባሱ ሁሉም ተጽፎልናል፤ የእኛ ድርሻ መታዘዝ ነው። በጃዝ ወረቀት ላይ ግን ያለው ዜማውና ከበላዩ የኮርዶቹ ስም ብቻ ነው። ሌላውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። እኔም እንደ ልማዴ አራቱንም ድምፅ ጨብጬ ስመታ ዜማዋ ታፈነች። ለካ ከኮርዱ ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ ይዞ አምስተኛውን መተው ይቻላል። ለምሳሌ ከሬ ማይነር ሰቨን ፋንና ዶን እይዛለሁ። ወደ ሶል ሰቨን ሳልፍ ፋ ባለበት ይቆያል፤ ዶ ብቻ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ሲ ይሆናል። ወደ ዶ ሜጀር ሰቨን ስመጣ ደግሞ ሲ ይቆያል፤ ፋ ወርዶ ሚ ይሆናል። አንዱ ሲቆም ሌላው ይንቀሳቀሳል። ይህን ለባለቤቴ ባሳየው፣ «ይህማ ለጥንዶች ሴሚናር ይሆነኛል» አለኝ። ሰባኪ ያገባች ታውቀዋለች።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ከዓመታት በፊት የመዘምራን ኃላፊ ሳለሁ ኪቦርድ የሚመታ አንድ ወጣት ነበረን። አንድ እሑድ መዝሙሩን እንግዳ በሆነ ኮርድ ጨረሰው። ከአምልኮው በኋላ በጓደኞቹ ፊት፣ «ይህ የምሽት ክበብ አይደለም» አልኩት። ገላትያ 5፥21ንም ጠቀስኩበት። በዚያ ስፍራ «ዘፋኝነት» ተብሎ የተተረጎመው ኮሞስ የሚለው የግሪክ ቃል የስካርና የፈንጠዝያ ግብዣን እንደሚያመለክት ተምሬአለሁ። አውቄው ነው የጠቀስኩት። ልጁ አንዲት ቃል አልመለሰልኝም፤ ኪቦርዱን በጨርቅ ሸፍኖ ወጣ። ጥቂት ሳምንታት ከመጣ በኋላ ቀረ። እኔም ለእግዚአብሔር ቤት የቀናሁ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ማታ በዶ ኮርድ ላይ ሲን ጨምሬ ስመታ ያ እሑድ ትዝ አለኝ። ልጁ መዝሙሩን የጨረሰው በዚሁ ኮርድ ነበር። እኔ ሦስት ወር የደከምኩበትን እርሱ በዚያ ዕድሜው ይችለው ነበር።

ስልኩን ከጓደኞቹ አፈላልጌ ደወልኩለት። ስሜን ስነግረው፣ «አወቅኩዎት» አለኝ። የበደልኩትን ሳላድበሰብስ ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ምን እየተለማመዱ ነው?» አለኝ። ስነግረው ስልኩን ፒያኖው ላይ እንዳስቀምጥና እንድመታለት ጠየቀኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሦስት ቦታ ተሳስቼ መታሁለት።

«ግራ እጅዎ አሁንም ብዙ ይይዛል» አለኝ።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመለስ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊያሳየኝ ይመጣል። ባለቤቴም ቡናውን እኔ አፈላለሁ ብሏል።