ከምሰሶው እስከ ግቢው በር፦ ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች ሆይ፤

መንግሥታችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚነዳ የቤት አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንዳይገባ በወሰነ ጊዜ፥ ከዚያም አስቀድሞ የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት፥ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ አውጥቶ፥ ፈጽመው ተበትነው ለሚመጡት የጉምሩኩን ቀረጥ ሲያነሣላቸው፥ በከፊል ተበትነው ለሚመጡት 5 ከመቶ፥ አልቀው ለሚገቡት 15 ከመቶ ብቻ እንዲከፈል ባደረገ ጊዜ፥ ብዙ ሰው ነገሩን የወደብና የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ አድርጎ ቈጥሮት ነበር። እኔ ግን ዕድሜዬን በቴክኒክ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ትምህርት በማስተማር ያሳለፍሁ ሰው ነኝና፥ የውሳኔው ክብደት በፍጻሜው የሚያርፈው በየሰዉ ቤት ግድግዳ ላይ ባለችው ሶኬት ላይ እንደሚሆን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አስብ ነበር። ይህን ደብዳቤ ለእናንተ መጻፌም፥ ታሪፉን መመርመር፥ የኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያዎችን ብቃት ማረጋገጥና የአሠራሩን ደረጃ መጠበቅ ለመሥሪያ ቤታችሁ የተሰጠ አደራ ስለሆነ ነው።

በአገራችን ኤሌክትሪክ ከጥንቱም የመጣው ዕቃው እየቀደመ፥ ሥርዓቱ እየተከተለ ነው። የአቃቂ ወንዝ ውሃ በ1904 ዓ.ም. ገደማ ኃይል እንዲያመነጭ ከተደረገ በኋላ፥ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. እስኪቋቋም ድረስ አንድ ትውልድ ሙሉ አልፏል። ያ ዝግታ በዚያ ዘመን ይቅር የሚባል ነበር፥ አምፑል ቤት አያቃጥልምና። ዛሬ ግን መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ቆሟል፤ ኃይሉ ከዚያ ተነሥቶ ሸለቆውንና ደጋውን አቋርጦ እስከ ሰፈራችን ምሰሶ የሚደርሰው በመሐንዲሶች ስሌትና በጽኑ ደንብ ሲሆን፥ ከምሰሶው እስከ ግቢው በር፥ ከግቢው በር እስከ መኪናው አፍ ያለችው ጥቂት ሜትር መንገድ ግን ለባለቤቱ ብልሃትና ለሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን ድፍረት ተትታለች። ደንብ ተጽፎላት እንደሆነም፥ ደንቡ ባለጉዳዩ ዘንድ አልደረሰም።

የከተማ ቤት ሽቦ የሚዘረጋው እንጀራ እንዲጋገርበት ታስቦ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከቤት ዕቃ ሁሉ ይልቅ ብዙ ኃይል የሚስበው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ይኸውም ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል፤ ነገር ግን ምጣዱ የሚጣደው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፥ ያውም ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ሲሆን፥ እንጀራው ወጥቶ ሲያልቅ ሽቦውም ያርፋል። መኪና ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ይስባል። ሽቦን የሚጎዳው የጭነቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን የቆይታውም ርዝመት ነው፤ በሶኬቱ ውስጥ የላላ ብሎን ለአንድ ሰዓት ሞቆ ይበርድ የነበረው፥ ለስምንት ሰዓት ሲግል ፕላስቲኩን ያቀልጣል፥ ከዚያም በኋላ የሚሆነውን የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ220 ቮልት 10 አምፔር ሲስብ 2.2 ኪሎዋት ስለሚሰጥ፥ ባለ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶው ለመሙላት 27 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ባለመኪናውም በዚህ ተሰላችቶ 32 አምፔር የሚስበውን፥ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ባለ7 ኪሎዋት ቻርጀር ገዝቶ ይመጣና፥ 6 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የራሱ መስመር የሚያስፈልገውን ዕቃ ለሶኬት ተብሎ በተዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ ያስቀጥለዋል። ብሬከሩ እየወደቀ ሲያስቸግረው ደግሞ፥ ሽቦውን በመለወጥ ፈንታ ብሬከሩን በሚበልጥ ብሬከር ያስለውጣል። ጠባቂውን ከበሩ አንሥቶ ቤቱን ክፍት ማሳደር ማለት ይህ ነው።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ ነገር አለ፥ ስለ እርሱም ጥቂት ረዘም አድርጌ መናገር እወዳለሁ። በከተማችን ከሚገኙት ቤቶች፥ በተለይም ከቀድሞዎቹ፥ ብዙዎቹ የመሬት ሽቦ የላቸውም፤ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ሦስተኛው ቀዳዳ ከምንም ጋር አልተያያዘም። አምፑሉም፥ ቴሌቪዥኑም፥ ማቀዝቀዣውም ይህን ጉድለት ችለው ኖረዋል፤ የመኪና ቻርጀር ግን ከመጀመሩ በፊት የመሬቱን መስመር ፈትሾ ካላገኘው ቀይ መብራት አብርቶ እንቢ ይላል። እንቢታው ለሰው ሕይወት የተሠራ ጥበቃ ሆኖ ሳለ፥ እንደ ዕቃው ብልሽት ተቈጥሮ፥ የተጠራው ኤሌክትሪሺያን በሶኬቱ ውስጥ የኒውትራሉን ሽቦ ከመሬቱ ቀዳዳ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ቻርጀሩን ያታልለዋል። አረንጓዴው መብራት ይበራል፥ ባለቤቱም አመስግኖ ይከፍላል። ነገር ግን በክረምት ነፋስና ዝናብ የኒውትራሉ መስመር በምሰሶው ላይ የተበጠሰ እንደሆነ፥ 220 ቮልቱ በዚያች አጭር ሽቦ አልፎ በመኪናው ብረት ላይ ይቆማል፤ ማለዳ በረጠበ መሬት ላይ ቆሞ የመኪናውን በር የሚይዘው ሰው፥ ወይም መኪናውን ሊያጥብ የመጣው ልጅ፥ የሞት ወጥመድ እንደ ተዘረጋለት አያውቅም። መድኃኒቱም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ በመዳብ የተለበጠ ዘንግ በመሬት ውስጥ ተቀብሮ፥ ጥሩ መያያዙ በመሣሪያ ተለክቶ፥ የሚያፈስሰውን ኤሌክትሪክ ለይቶ መስመሩን የሚዘጋ ብሬከር ከተጨመረበት፥ ያ ሁሉ ፍርሃት ይወገዳል። ለመለካትና ለለካው ነገር ለመፈረም ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል፥ ባለሙያውም እንዲፈርም የሚያስገድደው ሕግ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ በአንዱ አጥር ውስጥ ብቻ ቢቀር ኖሮ፥ እያንዳንዱ ስለ ራሱ ቤት ይጠንቀቅ ተብሎ በታለፈ ነበር። ትራንስፎርመሩ ግን የጋራ ነው። 315 ኪሎቮልት አምፔር የሆነ አንድ የሰፈር ትራንስፎርመር ባለ7 ኪሎዋት ቻርጀር የሰቀሉ 45 መኪናዎች ባንድ ጊዜ ቢያያዙበት፥ ለአንዲት ምጣድ እንኳ የሚተርፈው ዐቅም አይኖርም፤ ይህም ጭነቱ ለሦስቱ ፌዝ እኩል ሲከፋፈል ነው። በተግባር ግን ማን በየትኛው ፌዝ ላይ እንደ ተቀጠለ ከመስመር ሠራተኛው በቀር የሚያውቀው ስለሌለ፥ በአንዱ ፌዝ ላይ የተሰበሰቡ 15 መኪናዎች ብቻ ያንን ፌዝ ሊያጨናንቁት ይችላሉ። ያን ጊዜ መኪና የሌላት ጎረቤት ማታ አምፑሏ ደብዝዞ፥ ማቀዝቀዣዋ እያጓራ አልነሣ ብሎ ስታገኘው፥ ምክንያቱን ከሰማይ ነው ብላ ትተወዋለች። ስለዚህም ቻርጀር መስቀል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ለአከፋፋዩ ድርጅት ማስታወቁ፥ ድርጅቱም ትራንስፎርመሩ ይችል እንደሆነና በየትኛው ፌዝ መቀጠል እንደሚገባው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ መመለሱ፥ የሁለቱም ግዴታ ሆኖ ሊደነገግ ይገባል እላለሁ። ባለመኪናው ሳያስታውቅ የሚሰቅለው፥ ማስታወቅ ፈቃድ መለመን፥ ፈቃድ መለመንም ማለቂያ የሌለው ምልልስ የሚሆንበት ስለሚመስለው ነው፤ የመልሱ ቀን ቢታወቅለት ይህ ፍርሃት ይቀርለታል።

በዚህ ላይ፥ ሻጮች የማይናገሩትን አንድ ነገር ላንሣ። ከሰሚት ወይም ከጀሞ ተነሥቶ መሐል ከተማ ሠርቶ የሚመለስ ሰው በቀን 50 ኪሎሜትር ቢነዳ፥ የሚጨርሰው ከ8 እስከ 10 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ይህንንም 16 አምፔር የሚስብ፥ 3.5 ኪሎዋት የሚሰጥ፥ በሚገባ የተዘረጋ አንድ መስመር በሦስት ሰዓት ውስጥ ይሞላለታል። ባለ7 ኪሎዋቱ ቻርጀር ለብዙው ሰው የክብር ዕቃ እንጂ የግድ ዕቃ አይደለም። ደንባችሁ የ16 አምፔሩን መስመር ቀላልና ፈጣን፥ የ32 አምፔሩን ግን ምርመራ የሚጠይቅ አድርጎ ቢለያቸው፥ አንዱ ትራንስፎርመር የሚችለው የመኪና ቁጥር እጥፍ ይሆናል፥ ባለመኪናውም የቀረበት ነገር መኖሩን አያውቀውም።

ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ ስንመጣ ነገሩ ከሽቦ ወደ ሕግ ይዞራል። በአራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ከመስኮቱ እስከ መኪናው ድረስ ኤክስቴንሽን ቁልቁል ሲለቅ፥ ገመዱ በልብስ ማስጫው መካከል አልፎ፥ ሕፃናት በሚጫወቱበት ላይ ተዘርግቶ፥ በዝናብ ኩሬ ውስጥ ሲያድር ማየት የዘወትር ነገር እየሆነ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መኪና ማቆሚያውንና ግድግዳውን የመሰለውን የጋራ መጠቀሚያ በቤት ባለቤቶች ማኅበር አስተዳደር ሥር ሲያደርግ፥ ያን ጊዜ በጋራ ግድግዳ ላይ የግል ቻርጀር ልስቀል የሚል ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ስለዚህ ማኅበሩ ቢፈቅድ ለአንዱ አድልቷል ይባላል፥ ቢከለክል መኪናው ያለ ኃይል ይቀራል፥ ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ ቢያቀርበው ምልዓተ ጉባኤው አይሞላም፤ ተከራይ የሆነውማ በጉባኤው ድምፅ እንኳ የለው። በእኔ አስተያየት ጤናማው መንገድ፥ ጠያቂው ወጪውን ራሱ ከቻለ፥ ሥራውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ከሠራውና ፍጆታው በራሱ ቆጣሪ ከተለካ፥ ማኅበሩ ያለ በቂ ምክንያት ሊከለክለው እንዳይችል ማድረግ ነው፤ በአዲስ የሚሠሩት ሕንፃዎች ደግሞ ከመጀመሪያው ቱቦው በመኪና ማቆሚያው ሥር እንዲቀበርላቸው ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ጋር መክራችሁ ብታስገድዱ፥ በኋላ ኮንክሪት ከመስበር ያድናል።

የሕዝብ ማደያዎች እየተከፈቱ ስለሆነ የቤቱ ነገር ይቆይ የሚል መልስ እንደሚመጣ እገምታለሁ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በቦሌ መንገድ ላይ የከፈተው ዓይነት ጣቢያ ለሩቅ ተጓዥና ለታክሲ ነጂ በእርግጥ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን መኪና በቀን ውስጥ አብዛኛውን ሰዓት ቆሞ የሚውልና የሚያድር ዕቃ ስለሆነ፥ ቆሞ በሚያድርበት ቦታ ቀስ ብሎ እንዲሞላ ማድረግ፥ ከተማው ሁሉ በሥራ ላይ ባለበት ሰዓት በፈጣን ቻርጀር ፊት ተሰልፎ ከመሙላት ለመስመሩም ለባትሪውም ይበጃል።

ስለ ታሪፉም አንድ ቃል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በታች ከሚጠቀመው ድኻ ጀምሮ ከ500 በላይ እስከሚጠቀመው ድረስ በእርከን የተከፈለ ነው፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተጀመረውና በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት የሚዘልቀው ማስተካከያም ይህን የእርከን ሥርዓት ጠብቋል። መኪና በወር ከ200 እስከ 250 ኪሎዋት ሰዓት በቤቱ ፍጆታ ላይ ሲጨምር ባለቤቱን ወደ ላይኛው እርከን ያወጣዋል፤ በዚህ አላዝንም፥ ከሕዝባችን እኩሌታ የሚሆነው ገና መብራት ሳያገኝ ለባለ አውቶሞቢል ድጎማ መጠየቅ አሳፋሪ ነውና። የምጠይቀው ዋጋው ሰዓትን እንዲለይ ነው። ዛሬ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ራቱ በየቤቱ ሲሠራ የሚስበውና ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ የሚስበው አንድ ዋጋ ስለሚከፍሉ፥ ሁሉም ቤቱ እንደ ገባ ይሰካል። ውሃው በግድቡ ውስጥ ይቆያል እንጂ ሌሊት አይባክንም የሚለኝ ቢኖር እውነቱን ነው፤ እኔ የምናገረው ግን ሌሊት ሥራ ፈትተው ስለሚያድሩት መስመሮችና ትራንስፎርመሮች ነው። ሰዓት የሚለይ ሁለተኛ ቆጣሪ ለመኪና ብቻ ቢፈቀድ፥ ሌሊቱ ረከስ፥ ምሽቱ ወደድ ቢል፥ ባለመኪናው የቆጣሪውን ዋጋ ከኪሱ ይከፍላል፥ መኪናውም በተቀጠረለት ሰዓት ራሱ መሙላት ይጀምራል፥ ይህን ማድረግ የማይችል የኤሌክትሪክ መኪና ዛሬ ጥቂት ነውና።

እንግዲህ የምለምናችሁ ትልቅ መጽሐፍ እንድታዘጋጁ አይደለም። በአማርኛና በሌሎቹም የአገሪቱ ቋንቋዎች የተጻፈ፥ የሽቦውን ውፍረት፥ የብሬከሩን መጠን፥ የመሬቱን ሽቦ አለካክና ኒውትራልን ከመሬት ጋር በሶኬት ውስጥ ማገናኘት የሚያስቀጣ መሆኑን የሚገልጽ አንድ ወረቀት አውጡ፤ ከሥሩም የባለሙያው ስም፥ የፈቃድ ቁጥሩና ፊርማው የሚሰፍርበት ቦታ ይኑረው፤ አስመጪውም መኪናውን ሲያስረክብ ይህን ወረቀት ከቁልፉ ጋር አብሮ እንዲሰጥ አስገድዱት። በአንድ የኮንዶሚኒየም ሳይትና በአንድ አሮጌ ሰፈር ላይ ሞክራችሁት፥ ኒውትራሉ በየምሰሶው የሚበጠስበት ክረምት ሳይገባ ውጤቱን ብታሳውቁን፥ በየሰፈሩ ያለነው የዚህ ሙያ ሰዎች ወረቀቱን ለሚጠሩን ሁሉ ለማንበብና በሥራ ላይ ለማዋል ዝግጁዎች ነን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፥
አንድ ጡረተኛ የቴክኒክ መምህር
አዲስ አበባ