ድህነትን በረንዳ ላይ ማስጣት

ገና ፍልሰታ ሳይፈታ ነው የሚጀምረው። ውጭ ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል፣ ሱቁ ውስጥ ግን ዱባ ተደርድሯል። የፎም ዱባ፣ የፕላስቲክ ዱባ፣ ነጭ ዱባ፣ ወርቅ የተቀባ ዱባ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እንቁጣጣሽ አልፎ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው መንገዳችን ላይ በረንዳ ያለው ሁሉ በረንዳውን ያስጌጣል። የደረቀ የበቆሎ አገዳ፣ የጭድ እስር፣ ከዚያ ዱባ በዱባ ላይ። ያምራል። አያምርም ብዬ አልዋሽም።

ጠቤ ከውበቱ ጋር አይደለም። "በርካሽ" ከምትለው ቃል ጋር ነው።

አምና አንድ ቪዲዮ አየሁና ተነሳሁ። በሃያ ዶላር በረንዳችሁን አሳምሩ ይላል። ልጅቷ ፈገግ እያለች የፎም ዱባ ትቀባለች፣ ሲባጎ ትጠመጥማለች፣ ሪባን ታስራለች፣ አለቀ። እኔም ሄድኩ። ስድስት የፎም ዱባ፣ ሙጫ መተኮሻ፣ የሙጫ ዱላ፣ ሦስት ዓይነት ቀለም፣ ብሩሽ፣ ሲባጎ፣ ሪባን። ደረሰኙ 71 ዶላር ከምናምን አለ። ቪዲዮው ዋሸ ማለት አልችልም፤ ልጅቷ በእርግጥ ሃያ ዶላር ነው ያወጣችው። ሌላው ሁሉ ቤቷ ነበር። ድሮ ሁሉም ነገር አንድ ዶላር ይሸጥበት የነበረው ሱቅም ቢሆን በ2021 መጨረሻ አንድ ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም ገባ፤ ለአንድ ዕቃ ምንም አይደለም፣ ለሠላሳ ዕቃ ግን ቁጠሩት።

ኅዳር ሲመጣ ፎሙ መፈርፈር ጀመረ። ነጭ ብናኙን ከደረጃው ላይ ስጠርግ ከረምኩ። በመጨረሻ ስድስቱንም ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተትኳቸው። 71 ዶላር ማለት እናቴ አረጋውያን ስትንከባከብ ከምታድርበት ሥራ ከአራት ሰዓት በላይ ነው። በሌሊት አራት ሰዓት፣ ሰው እያገላበጡ፣ አንሶላ እየቀየሩ። ያንን ነው የጠረግሁት።

ስለዚህ እናገራለሁ። የተገዛ ዱባ ላይ ሪባን ማሰር "በእጅ የተሠራ" አይባልም። እሱ ግዢ ነው። "ራስህ ሥራው" የሚሉት ነገር ግማሹ ሌላ ዓይነት ሱቅ ነው፤ ዕቃውን ሳይጨርስ ይሸጥልህና ጉልበቱን ካንተ ይወስዳል።

የሚገርመኝ ደግሞ ይሄ ነገር እኛን ማሞኘቱ ነው። እኛ እኮ የካልሲ ኳስ ሕዝብ ነን! ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ሳለን ኳስ ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። የተቀደደ ካልሲ ያመጣል፣ ጨርቅና ፌስታል ይጠቀጥቅበታል፣ አፉን ይጠመዝዝና መልሶ ይገለብጠዋል፣ እንደገና ይጠመዝዛል፣ በመርፌ ይቋጫል። ዝናብ ሲነካው ይከብዳል እንጂ ሰፈሩን ሙሉ ያጫውት ነበር። ግድግዳው ጭቃ የሆነበት ቤትስ? በፉርኖ ዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ተለጥፎበት ግድግዳው ይነበብ ነበር። እንቁጣጣሽ ላይ ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ በወረቀት ላይ ስለው በየቤቱ እየዞሩ ሰጥተው ሳንቲም ይቀበላሉ። በዓል ሲሆን ወለል ላይ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ነው፤ በማግስቱ ደርቆ ይጠረጋል፣ ማንም "ከሰርን" አይልም። ቤት በጥቂት ነገር ማስጌጥ ከቪዲዮ የምንማረው ነገር አልነበረም።

ዘንድሮ ታዲያ ወደ ካልሲው ተመለስኩ።

የአሮጌ ሹራብ እጅጌ ወይም ከወገቡ በኩል አንድ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ትወስዳላችሁ። ገልብጣችሁ አንዱን ጫፍ በሰፋፊው ሰፍታችሁ ክሩን ስትስቡት ይሰበሰባል፤ ቋጥሩት። መልሳችሁ ገልብጡና ከታች አንድ ድንጋይ ጣሉበት፣ ያለዚያ ነፋስ ጎረቤት ያደርሰዋል። ከዚያ ፌስታል፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ያለውን ሁሉ ጠቅጥቁ። ላዩንም እንደዚያው ሰፍታችሁ ሰብስቡ። አሁን ቁም ነገሩ። በረጅም መርፌ ወፍራም ክር ከታች ወደ ላይ በመሀል ታወጣላችሁ፣ በውጭ በኩል አዙራችሁ መልሳችሁ ከታች ትገባላችሁ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ትስባላችሁ። ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ። የዱባው ሸንተረር የሚወጣው በዚህ ነው፤ ይሄ ካልተደረገ ትራስ ነው የሠራችሁት። ለጭራው ከመንገድ የወደቀ እንጨት ይበቃል።

በዱቄት ሙጫም ይሆናል። ፊኛ ነፍታችሁ ክሩን በዚያው አኳኋን ዙሪያውን አስራችሁ በሙጫ የተነከረ ጋዜጣ ሦስት አራት ዙር መለጠፍ ነው። ግን መድረቂያው ቀናት ይፈልጋል፣ ዝናብ ከነካው ደግሞ ገንፎ ነው። ጣራ የሌለው በረንዳ ላይ አትሞክሩት።

የገዛሁት አንድ መርፌ ነው።

እና እናቴ ከሥራ ገብታ አየቻቸው። ሰባት ዱባ፣ ደረጃው ላይ፣ ትልቁ ግራጫ። ዝም ብላ ቆየችና "ይሄ ሹራብ የኔ ነው" አለች። ነበር። አሜሪካ በገባንበት ዓመት፣ በመጀመሪያው ብርድ፣ ሰው በከረጢት ሞልቶ ከሰጠን ልብስ ውስጥ ነው።

"እማዬ፣ እኮ አትለብሺውም።"

"ይሄን ለብሼ አውቶቡስ የጠበቅኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። አንቺ ልጅ፣ ድህነታችንን በረንዳ ላይ አታስጪብኝ።"

እዚህ ጋ ነው ቪዲዮውን ያሸነፍኩበት ክርክር የማይሠራው። ለእናቴ የተጣፈ ነገር ምርጫ ሆኖ አያውቅም። ልጅ ሆና የተጣፈ የለበሰችው ሌላ ስላልነበራት ነው። "በእጅ የተሠራ" እያሉ ማሞገስ የሚያምርበት መግዛት ለሚችል ሰው ነው፤ የፈለገ ጊዜ መተው ይችላላ። ጎረቤታችን በአሮጌ ሹራብ ዱባ ቢሠራ "እንዴት ያለ ጥበብ" ይባላል፣ እኛ ብንሠራው "አጡ" ይባላል። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ይባል የለ? ከሀገሩ የወጣ ቅል ግን የፎም ዱባ ገዝቶ ይደረድራል። ይሄን አልክድም።

ግን እስቲ ያችን "ሰው ምን ይላል" ማን እያተረፈባት እንደሆነ እንይ። ሱቁ የሚሸጥልን ዱባ ብቻ አይደለም፤ ከጎረቤት ያለማነስን ነው የሚሸጥልን፣ ያውም በየዓመቱ፣ ፎም ስለሆነ ይፈርሳላ። ሀፍረታችንን በ71 ዶላር መሸፈን ካለብን ሀፍረቱ አልቀረም፣ ኪራይ እየከፈልንለት ነው። ከጎረቤቶቻችን አንዳቸውም እንኳን የሹራቡን ታሪክ አያውቁም። የምታውቀው እሷ ናት። የምታፍረው ከነሱ ሳይሆን ከዚያች አውቶቡስ ጠባቂ ሴት ነው። እኔ ግን ያቺን ሴት አላፍርባትም፤ ክርክሬ ሁሉ ተጠቅልሎ ይሄው ነው።

"የፈረንጅ ነገር ነው" ለሚሉኝ ደግሞ አጭር መልስ አለኝ። ዱባ የፈረንጅም አይደለም። ሜክሲኮ፣ ዋሃካ ውስጥ ጊላ ናኪትስ በሚባል ዋሻ ወደ አሥር ሺህ ዓመት የሚጠጋ የዱባ ዘር ተገኝቷል። አይሪሾች መጀመሪያ ፊት የሚቀርጹት ዱባ ላይ እንኳ አልነበረም፣ የቀይ ሥር ዘመድ የሚመስል ሥር ላይ ነው። ለሁላችንም እንግዳ ሆኖ የመጣ ነው፤ እኛ ወጥ ሠራንበት።

ስለ ወጥ ካነሳን፣ እውነተኛ ዱባ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ የሚፈልግ ያስቀምጥ፣ ግን አይቅረጸው፣ ቀለምም አይቀባው። የተቀረጸ በሳምንት ሁለት ሳምንት ይበሰብሳል። ያልተቀረጸ፣ ውርጭ ሳይነካው ወደ ቤት ከገባ ሁለት ወር ይቆማል። ለፊት መቅረጫ የሚሸጠው ትልቁ ውሃ ውሃ ይላል፤ ለኬክ የሚሸጠው ትንሹ ይሻላል። በጥቅምት ወጥቶ ያጌጠ ዱባ በኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ድስት ውስጥ ነው። እኛ አንድ ገዝተናል። እሱን እናቴ ራሷ መርጣ፣ በጣቷ አንኳኩታ ነው ያመጣችው።

ስለ ሹራቡ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ግራጫውን ከደረጃው አንስታ ወደ ውስጥ አስገባችው፤ ስድስቱ ውጭ ቀሩ። አሁን ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጧል። እንጨቱ ጠማማ ነው ብላ ጭራውን ቀይራዋለች።